ዋ! ብያለሁ… ዋዋ ፔዳል ሳትገዙ

ለዚህ ሳምንት ያዘጋጀሁት ጨዋታ ስለ ፍቅረኛሞች ኩርፊያ ነበር። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ በአንዲት የእግር መርገጫ የተነሳ ከአዲስ አበባ አንኮበር፣ ከአንኮበር አዲስ አበባ ስመላለስ ሰንብቼ ጭንቅላቴ ውስጥ "ዋ… ዋ… ዋ…" ከሚል ድምፅ በስተቀር የተረፈ ነገር የለም። ስለዚህ ኩርፊያው ለሚቀጥለው ሳምንት ይደር። አኩራፊዎች፣ እስከዚያው ብትታረቁም አልቀየምም!

"ዋ" በአማርኛችን ሁለት ሥራ አላት። አንደኛዋ ማስጠንቀቂያ ናት። እናት ጣቷን ቀስራ "ዋ! ነግሬሃለሁ" ካለች ቀጥሎ የሚመጣውን ያልቀመሰ የለም። ሁለተኛዋ የቁጭት ናት። "ዋ ጊዜ! ዋ ልጅነት!" እንደሚባለው። ጊታሪስቶች ደግሞ ሦስተኛ "ዋ" አለቻቸው። በእግር የምትረገጥ፣ በባትሪ የምትሠራ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሦስተኛዋ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱም ግን ሳይጠሩ መግባታቸው አልቀረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ አንኮበር ተወልዶ ያደገ የ22 ዓመት ወጣት ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶ ከጓደኞቹ ጋር በየሠርጉ እየዞረ ጊታር ይጫወታል። ጥር መጣሁ መጣሁ ሲል የባንዱ አለቃ ጠራውና "ስማ፣ ዘንድሮ የድሮዎቹን ሙዚቃ ነው የምንጫወተው። ዋዋ ፔዳል ካላመጣህ ሌላ ሰው እናያለን" አለው። ቁርጥ ያለ ነገር! ልጁ እናቱ ዘንድ ሮጠ። እናቱም ሁለት የመንዝ በግ ሸጡለት። ሸጡና ገንዘቡን ግን አልሰጡትም። "የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ አለ አይደል? ጋዜጣ ላይም ይጽፋል። እሱ መጥቶ ካላስረዳኝ ከዚህ መሐረብ አንድ ብር አትወጣም" አሉ።

ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው ሁሉን ያውቃል ብለው የሚያምኑ አክስት ይስጣችሁ!

ልጁ ስልክ ደወለልኝ። "አንተ እንኳ ድሮ ጊታር ነካ ነካ ታደርግ ነበር። በናትህ ድረስልኝ" አለኝ። "ነካ ነካ" የምትለዋ ቃል ወጋ አደረገችኝ። ለምን እንደወጋችኝ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ጫማ ነው በለኛ!

መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ሰሞን ጠብቄ ሄድኩ። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ወደ አንኮበር ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንኮበርን ለማታውቁ፣ አጼ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሳይዞሩ በፊት የሸዋ መናገሻ የነበረች፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች አገር ናት። ጉሙ ሲወርድ የራሳችሁን እጅ ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። ብርዱ ደግሞ የጊታር ክር ሳይቀር ከቅኝቱ ያስወጣል።

አክስቴ ቆሎና ጠላ አቀረቡና ምርመራ ጀመሩ።

"እሺ ልጄ፣ ይኼ ነገር ጊታር ነው?"

"አይ አክስቴ፣ ጊታሩንማ ይዟል። ይኼኛው የእግሩ ነው።"

"የእግሩ? ጫማ ነው በለኛ!"

"ጫማ አይደለም። ጊታሩን ሲመታ በእግሩ የሚረግጠው…"

"እኔ ሁለት በግ ሸጬ እሱ ሊረግጠው!"

እውነታቸውን ነው። ለአክስቴ ያልገባ ነገር ለእኛም አልገባንም ማለት ነው ብዬ ሌላ ዘዴ አሰብኩ።

"አክስቴ፣ እስቲ 'ኡ' ይበሉ" አልኳቸው።

"እንደ እብድ ልታስጮኸኝ ነው?" ብለው በሩን አየት አደረጉና "ኡ…" አሉ።

"ድምፅዎን ሳያቋርጡ አፍዎን ብቻ ቀስ እያሉ ይክፈቱት።"

"ኡ… ኣ…"

"ምን ሆነ?"

"ዋ ሆነ!" አሉ፣ ራሳቸው ተገርመው።

"በቃ! ጊታር አፍ የለውም። ይኼ ፔዳል አፍ ይሆነዋል።"

እናንተም ይህን ስታነቡ አሁን "ኡ… ኣ…" እያላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ታክሲ ውስጥ ከሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት! የጉሮሯችን ድምፅ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አፋችን ቅርጹን ሲቀይር አንዱ የድምፅ ክፍል ጎልቶ ይወጣል፣ ሌላው ይደበቃል። "ኡ" ስንል ወፍራሙ ይጎላል። "ኢ" ስንል ቀጭኑ። ዋዋ ፔዳልም የሚሠራው ይህንኑ ነው። በተረከዛችሁ ስትጫኑት ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል። ወደ ጣታችሁ ስታዘነብሉ ወደ ቀጭኑ ይሄዳል። በተለመደው ፔዳል ይህ ጎልቶ የሚሰማው ቦታ ከ400 ኸርዝ አካባቢ ተነስቶ እስከ 2,000 ኸርዝ አካባቢ ይጓዛል። ሾፌሩ እግራችሁ ነው።

ከኦርጋን የተዋሰ እግር

ዋዋ የተወለደው እ.ኤ.አ በ1966 አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ቶማስ ኦርጋን የተባለ ኩባንያ የቮክስ አምፕሊፋየሮችን ይሠራ ነበር። ብራድ ፕላንኬት የሚባል ወጣት መሐንዲስ አምፑ ላይ የነበረን ውድ መቀየሪያ በርካሽ የሚዞር ቁልፍ ለመተካት ሲታገል፣ ቁልፉ በዞረ ቁጥር ድምፁ እንደ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማ። ያንን ሥራ ከአንድ የኦርጋን ፔዳል ሆድ ውስጥ ከተቱት። በቃ፣ ተወለደ። መጀመሪያ ገበያ የወጣው ግን በጊታሪስት ስም አልነበረም። የትራምፔቱን አፍ በመክደኛ እያፈነ "ዋ ዋ" በማሰኘት በታወቀው በክላይድ ማኮይ ስም ነበር። ቆየት ብሎ ጂሚ ሄንድሪክስ በ1968 "ቩዱ ቻይልድ" ላይ አስጮኸው። በ1971 ደግሞ በአይዛክ ሄይስ የ"ሻፍት" ፊልም ሙዚቃ ላይ ዓለም ሁሉ ሰማው።

የእኛዎቹም አልተኙም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ሸክላ ማሳተም ጀምሮ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒው ዮርክ ላይ "ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ"ን፣ በ1974 ደግሞ በአምሃ ሪከርድስ ስም የኢትዮ ጃዝ አልበሙን አወጣ። ያ የፈረንጅ ፔዳል በእኛ ቅኝት ላይ ሲያቃስት ለመስማት ከእነዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። በ1998 የአምሃ ሪከርድስ ሥራዎቹ በኤትዮፒክስ 4ኛ ቅጽ እንደገና ለዓለም ቀረቡ። በ2005 "ብሮክን ፍላወርስ" የተባለው ፊልም የሙላቱን ሙዚቃ ሲጠቀም ደግሞ የማያውቀው ፈረንጅ ጠፋ። ዛሬ በየሆቴሉና በየሠርጉ ወጣት ባንዶች ወደዚያ ድምፅ የሚመለሱት በከንቱ አይደለም። የደብረ ብርሃኑ የባንድ አለቃም "የድሮዎቹ" ያለው ይህንኑ ነው።

አክስቴ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ መሐረቡን ፈቱ። ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። እጄ ላይ አስቀመጡና "ልጄ፣ እኔ ያመንኩት አንተን ነው። የሚተርፍ ካለ መልስልኝ፣ አንዷን በግ እተካለሁ" አሉኝ።

በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ።

የቱን ልግዛ?

አዲስ አበባ ከልጁ ጋር ተገናኘንና መዞር ጀመርን። የምርጫውን ነገር እንዲህ ላስቀምጥላችሁ።

አንደኛ፣ ክራይ ቤቢ። ዳንሎፕ የሚሠራው ነው። መደበኛው ሞዴል ጂ.ሲ.ቢ. 95 ይባላል። ጥቁር፣ ከባድ ብረት ነው። ሌባ ከወረወራችሁበት ሌባው እንጂ እሱ አይጎዳም። ድምፁ ሰላ ያለ ስለሆነ ከኪቦርድና ከሳክስፎን መሀል ነጥሮ ይወጣል። ውጭ አገር አዲሱ 100 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን በየእጁ ላይ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ነው የሚመጣው። እኛ ባየነው ዋጋ በበግ ሒሳብ ሁለቱንም በግ ከነቆዳቸው ይበላል።

ሁለተኛ፣ ቮክስ። ቪ 847 የሚባለው ሞዴል በብዛት ይታያል። ብዙ ጊታሪስቶች ከክራይ ቤቢ ለስለስ ይላል ይሉታል። እኔም ስሰማው እንደዚያው ነው። ትዝታና አንቺሆዬ ለሚያበዛ ሰው ጆሮ አይበሳም።

ሦስተኛ፣ ሞርሊ። ይኼኛው ሌላ ዘዴ አለው። ክራይ ቤቢና ቮክስ ውስጥ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ያለ የሚዞር ቁልፍ አለ። እሱ አቧራ ሲገባበት "ክርር… ክርር…" ማለት ይጀምራል። ሞርሊ ግን በብርሃን ነው የሚሠራው። እግራችሁ ሲንቀሳቀስ ውስጡ ያለውን ብርሃን ይጋርዳል ወይም ይገልጣል። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ በዚያ በኩል አይንኮሻኮሽም። አንዳንዱ ሞዴል ማብሪያም የለውም። እግር ሲያርፍበት ይበራል፣ ሲነሳ ይጠፋል። ጥሩ ነው። ብቻ ሠርግ ላይ ሕፃናት ሲረግጡትም ይበራል!

አራተኛ፣ እግር የማይፈልገው አውቶ ዋ። ክሩን ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ አፉን ይከፍታል፣ ላላ ስታደርጉ ይዘጋል። ከአሮጌዎቹ ዝነኛው በ1972 የወጣው ሙትሮን 3 ነው። ለፈጣን ሪትም ይመቻል። ግን ሶሎ ላይ መቼ እንደሚያለቅስ የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም።

አምስተኛ፣ ሁሉን በአንድ የያዘው የዲጂታል ሳጥን። ዋዋም፣ ኤኮም፣ ዲስቶርሽንም አንድ ላይ። አንዳንድ ፋራ የሆኑ ሰዎች "ይኼ የቀሽም ነው" ይላሉ። አትስሟቸው። በአንድ ምሽት ከሬጌ እስከ ጉራጊኛ ለሚጫወት የሠርግ ጊታሪስት ብዙ ሥራ ይሠራል። ችግሩ ርካሾቹ ላይ ነው። መርገጫቸው ትንሽና ልል ስለሆነ እግር መሀል ላይ ማቆም ያስቸግረዋል። ዋዋ ደግሞ ነገሩ ሁሉ መሀሉ ላይ ነው።

ታዲያ የቱ ይሻላል? እኔ የምላችሁ፣ ስሙን ትታችሁ የምትጫወቱትን አስቡ። በብዛት ሪትም የምትመቱ ከሆነ ሰላ ያለው። ዜማ የምታዜሙ ከሆነ ለስላሳው። ገና ጀማሪ ከሆናችሁና ሌላ ምንም ኢፌክት ከሌላችሁ ሳጥኑ። የጓደኛችሁ ባንድ ጊታሪስት ስለገዛው ብቻ ግን… ዋ!

ሱቅ ውስጥ ፊደል ቁጠሩ

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፔዳል በዓይን አይገዛም። የራሳችሁን ጊታር ተሸክማችሁ ሂዱ። ባለሱቁ ቢነጫነጭም "ልሞክረው" በሉ። ከዚያ የኔታ ዘንድ እንደነበራችሁ ፊደል ቁጠሩ። አንድ ኮርድ መታ መታ እያደረጋችሁ እግራችሁን ከተረከዝ ወደ ጣት እጅግ በዝግታ ውሰዱት። ሁ… ሆ… ሃ… ሄ… ሂ… ጥሩ ፔዳል አምስቱንም ያሰማችኋል። በየትኛውም ላይ ስታቆሙ ይቆማል። መጥፎው ግን ከ"ሁ" ተነስቶ ዘሎ "ሂ" ላይ ይወድቃል። መሀሉ የለም። እሱን ለባለቤቱ መልሱ።

ቀጥሎ ማጥፊያውን ሞክሩ። ጣታችሁን ጫን ስታደርጉ "ቀጭ" ብሎ መብራትና መጥፋት አለበት። ሦስቴ ስትጫኑ አንዴ የሚሰማ ከሆነ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ያዋርዳችኋል።

ሌላም ፈተና አለ። ፔዳሉን አጥፉትና ተጫወቱ። ከዚያ ኬብሉን ከፔዳሉ ነቅላችሁ በቀጥታ አምፑ ላይ ሰክታችሁ ተጫወቱ። በተለይ አንዳንድ አሮጌ ፔዳሎች ጠፍተው እንኳ የጊታሩን ቀጭን ድምፅ ይሰርቃሉ። በሁለቱ መካከል ልዩነቱ ብርድ ልብስ የተከናነበ ያህል ከሆነ ዋጋ ማስቀነሻ አገኛችሁ ማለት ነው።

ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ቤት ክፈቱና እዩ። አረንጓዴ ዝገት ካለ ባትሪ ፈስሶበታል። "ክርር" የሚል ከሆነ ግን ወዲያው አትሽሹ። ብዙውን ጊዜ አቧራ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ በማጽጃ ስፕሬይ ያስተካክለዋል። ባይሆን እንኳ ያቺ የምትዞረዋ ቁልፍ ትቀየራለች።

እኛም ያገኘነው እንዲህ ዓይነቱን ነው። ያገለገለ ክራይ ቤቢ፣ "ክርር" የሚል። ባለሱቁ ራሱ አፍሮበት ጥግ አስቀምጦታል። ልጁ አዲሱን እያየ ምራቁን ሲውጥ እኔ አሮጌውን ፊደል አስቆጠርኩት። ሁ፣ ሆ፣ ሃ፣ ሄ፣ ሂ፣ አንድም አልዘለለ። ዋጋውን ተከራክረን ከአንድ በግ በታች አደረስነው።

"አሮጌ እኮ ነው" አለኝ ልጁ ቅር እያለው።

"አንተስ የድሮ ሙዚቃ አይደል የምትጫወተው?" አልኩት።

የአዳፕተሩ ነገር

አሁን ወደወጋችኝ ቃል እንመለስ።

ፔዳሎቹ በአብዛኛው 9 ቮልት ነው የሚፈልጉት። ባትሪ ወይም አዳፕተር። አዳፕተር ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ 9 ቮልት ዲ.ሲ. መሆኑን። ሁለተኛ ጫፉ ላይ የመሀሉ ቀዳዳ ኔጌቲቭ መሆኑን። አዳፕተሩ ጀርባ ላይ በትንሽ ሥዕል ተስሏል። ክራይ ቤቢን ጨምሮ አብዛኞቹ የጊታር ፔዳሎች መሀሉ ኔጌቲቭ ነው። የኪቦርድ አዳፕተሮች ውስጥ ግን 12 ቮልት የሆኑ፣ መሀላቸውም ፖዘቲቭ የሆነ አሉ። ጫፉ ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ዋ!

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። 12ኛ ክፍል የጨረስኩ ዓመት እህቴ ዕቁብ ወጣላትና የግል ኮሌጅ መመዝገቢያ ሰጠችኝ። ያኔ እኔ ጊታሪስት ልሆን ነበር። በሰፈር ልጆች ባንድ ውስጥ። እናም መመዝገቢያውን ይዤ ወጥቼ ዋዋ ፔዳል ገዝቼ ገባሁ። ፊደል አላስቆጠርኩ፣ ዋጋ አልተከራከርኩ። አብረቅራቂ ነበር፣ ገዛሁት። በአራተኛው ቀን ባትሪው አለቀ። የኪቦርድ ተጫዋቻችን አዳፕተር እዚያው ተቀምጧል። ጫፉን አየሁት፣ ገባ። ትንሽ ጭስ ወጣ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ከዚያ ወዲያ ሁም ሂም አላለም።

ለእህቴ ያልኳት ሌላ ነው። "ታክሲ ውስጥ ሌባ ወሰደብኝ" አልኳት። አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ደግሞ እኔኑ አጽናናችኝ። ኮሌጅም አልገባሁ፣ ጊታሪስትም አልሆንኩ። አክስቴ መሐረባቸውን ፈተው "ያመንኩት አንተን ነው" ሲሉኝ በብርድ ያላበኝ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ከባድ ዋጋ ተከፍሎበታልና ስሙኝ። አዳፕተሩን ከፔዳሉ ጋር አብራችሁ ግዙ፣ አትዋሱ። ባትሪም ይዛችሁ ሂዱ። ይህ ፔዳል የሚበላው ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት ስለሆነ አንድ ባትሪ ረጅም ጊዜ ያቆያል። ብቻ ተጫውታችሁ ስታበቁ ኬብሉን ከጊታር መግቢያው ንቀሉት። ኬብሉ እንደተሰካ ካደረ ፔዳሉ ቢጠፋም ባትሪው ያልቃል። "መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይጠቅማል" የሚላችሁ ካለ ግን አምፑም አብሮ እንደሚጠፋ አስታውሱት!

እግር ይረፍ

ገዝታችሁ ገባችሁ እንበል። አንድ ሳምንት ሙሉ ዘፈኑን ሁሉ "ዋ ዋ ዋ" ልታደርጉት ነው። ሁሉም ያደርጋል። ጎረቤት ታግሶ ያሳልፋችሁ። ከዚያ በኋላ ግን እግር ማረፍን መማር አለበት።

የኛ ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ነው የሚቆጠረው። አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት። በስድስቱም ላይ እግር ከተወዛወዘ ሙሽሪት ሳትገባ ባት ይታሠራል፣ ሙዚቃውም ይደፈርሳል። "አንድ" እና "አራት" ላይ ብቻ ክፈቱት። እጃችሁ ይፍጠን፣ እግራችሁ ግን ዝግ ይበል። ትዝታ ስትጫወቱ ደግሞ ከዚያም ዝግ በሉ። ዜማው ሲነሳ ፔዳሉን መሀል አቁሙት። የስንኙ መጨረሻ ላይ ስትደርሱ ብቻ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱት።

ይህን የትም አትማሩትም፣ ማሲንቆ ቁጭ ብላችሁ ስሙ እንጂ። አንዲት የጭራ ክር ናት ያለችው። አዋቂ አዝማሪ ግን ቃል በቃል አያስለቅሳትም። ዘፋኙን ተከትሎ ይሄድና ቃሉ ሲያልቅ ያኔ ክሯን ያስቃስታታል። እንዲሁም ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን "ኧረ መላ መላ" ስሙ። በአይቤክስና ኋላም በሮሃ ባንድ የተጫወተውን የሰላም ስዩምን ጊታር አድምጡ። ቅኝት ከጣት ነው የሚመጣው። ጣት ያላለውን ፔዳል አይልም።

የመስመሩ ቅደም ተከተልም ይኑራችሁ። በተለመደው አሠራር ጊታሩ መጀመሪያ ዋዋው ውስጥ፣ ከዚያ ዲስቶርሽን ውስጥ፣ ከዚያ ወደ አምፑ ይገባል። ብትገለብጡትም ወንጀል አይደለም። ድምፁ ግን ይጠነክራል፣ ጆሮም ይቆነጥጣል።

የአክስቴ ፍርድ

ፔዳሉን አሳጽድተን፣ ትክክለኛውን አዳፕተርና አንድ ኬብል ገዝተን፣ የተረፈውን ገንዘብ ይዘን አንኮበር ተመለስን። ልጁ ትንሿን የባትሪ አምፕ አስቀምጦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በካልሲው ጀመረ። በካልሲ መጀመር ጥሩ ነው፣ እግር መርገጫውን ያውቀዋል። መጀመሪያ አበዛው። አየሁት፣ ገባው፣ ቀነሰ። አንድ የትዝታ ስንኝ ሄደና መጨረሻው ላይ ቀስ ብሎ ከፈተው።

አክስቴ ከጓዳ ብቅ አሉ። "ምነው? ሕፃን ምን አድርጋችሁ ነው የምታስለቅሱት?"

ሁለታችንም ፈነዳን። ክራይ ቤቢ ማለት በኛ ቋንቋ አልቃሻ ሕፃን ማለት መሆኑን ስነግራቸው "ታዲያ በበጎቼ ልጅ ገዝታችሁ መጣችኋ!" አሉና የመለስኩላቸውን ገንዘብ ቆጠሩ። አሁንም ሁለት ጊዜ። አንዲት ጠቦት ይገዛል። መሐረባቸው ውስጥ ቋጠሩትና "ጥር ላይ ሠርጉን ሲጫወት ደግሞ ሁለተኛዋ ትመለሳለች" አሉ። ልጁ ቀና አላለም፣ እግሩን ነበር የሚያየው።

እኔ ግን ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያቺን ቁጥር ሳስብ መጣሁ። ሁለት ጊዜ የተቆጠረችውን። የኔ እህት አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቆጥር ነበር የሰጠችኝ።

እታለም፣ ይህን ገጽ በየሳምንቱ እንደምታነቢ አውቃለሁ። ከጽሑፌ ስህተት ለቅመሽ ስልክ የምትደውይልኝ አንቺ ነሽ። የዛሬው ስህተት ትልቅ ነው። ታክሲው ውስጥ ሌባ አልነበረም። ሌባው እኔ ነበርኩ። ፔዳሉ ዛሬም ከአልጋዬ ሥር በካርቶን ውስጥ አለ፣ ይሸታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ። ከተወሰደው ግማሹን ይዣለሁ፣ ግማሹን ቀስ እያልኩ አመጣለሁ። ቡናውን ባትጠጪልኝም በሩን ክፈችልኝ።

እናንተ ደግሞ ውድ አንባብያን፣ የራሳችሁን ጊታር ይዛችሁ ሂዱ፣ ፊደል አስቆጥሩ፣ አዳፕተር አትዋሱ። ገንዘቡም የማን እንደሆነ ከመግባታችሁ በፊት አንዴ አስቡ።

የሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታችን እንደተባለው ስለ ኩርፊያ ነው። እንደ እሑዱ አያያዝ ከሆነ ማስረጃውን ከራሴ ቤት ሳላገኝ አልቀርም።

ቸር ሰንብቱ!